«ንቅለ ተከላ» ሲባል የማን ዓይን ነው?

ጅማ፣ ቡና ላይ ነን። ዓይኑ ውስጥ ኖራ የገባበት ጎረቤታችን ሐኪሞቹ «ንቅለ ተከላ» ሲሉት ደንግጧል። የሙት ዓይን ሊተክሉብኝ ነው ብሎ!

አይደለም። የታዘዘለት ከሟች የሚለገስ የዓይን ብሌን እንኳን አይደለም። ጽንሱን የሚከበው ስስ ሽፋን ነው፤ ከእንግዴ ልጅ ላይ ይገፈፋል። አዎ፣ እኛ ጓሮ የምንቀብረው። ከፈረንጆቹ 1940 ጀምሮ ዓይን ላይ ተሞክሯል። ብዙ ጊዜ የምትለግሰው በቀዶ ጥገና የምትወልድ እናት ናት፤ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስና ለቂጥኝ ትመረመራለች።

ሽፋኑ ይሰፋል ወይም ይለጠፋል። እብጠቱንና ጠባሳውን ይቀንሳል፣ አዲስ ህዋስ የሚያድግበት መደብ ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ ይሟሟል። ሰው «ከሸፈ» የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ሲጀመር እዚያው ሊቆይ አልመጣም። ብሌን ሲተከል ግን እንዲቆይ ነው።

ኖራ ከገባ ደግሞ መጀመሪያ ውሃ። ብዙ ውሃ፣ ወዲያው።