የጠበቆች የጋራ ኢሜይል ምክክር በአዲስ አበባ

የጋራ ኢሜይል ምክክር የአንድ የሙያ ማኅበር ጠበቆች በአንድ የወል አድራሻ የሕግና የሥነ ሥርዓት ጥያቄ የሚጠያየቁበት አሠራር ነው። አንዳንዴ ቡድኑ መላውን ማኅበር ያቅፋል፤ አንዳንዴም እንደ ሥራ ክርክር፣ ግብር ወይም ውርስ ባለ አንድ ዘርፍ ላይ የተሰማሩትን ብቻ። ወደ አድራሻው የተላከ መልእክት ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል፤ መልሱም ለሁሉም ይታያል፤ ሁለቱም በማኅደር ይቀመጣሉ።

መመካከር ራሱ ለሙያው አዲስ ነገር አይደለም። ልደታ ፍርድ ቤት ግቢ ችሎት እስኪሰየም የሚጠብቁ ጠበቆች ቆመው ሲያወሩ ከሚነሱት ጉዳዮች ብዙዎቹ የሕግ ጥያቄዎች ናቸው፦ ይህን መቃወሚያ ፍርድ ቤቱ ይቀበለዋል ወይ፣ የዳኝነት ክፍያው እንዴት ይሰላል፣ አፈጻጸም ችሎቱ ይህን ዓይነት ማስረጃ ይጠይቃል ወይ። ችግሩ እዚያ የተነገረው እዚያው መቅረቱ ነው። ያንኑ ጥያቄ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጠበቃ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል።

የአዲስ አበባ ጠበቃ ይህን ምክክር አጥብቆ የሚፈልግበት ምክንያት ከሙያው አደረጃጀት ይመነጫል። በአዋጅ ቁጥር 199/1992 ዘመን የጥብቅና ፈቃዱ ለግለሰብ የሚሰጥ ስለነበር ጠበቃው ለብቻው ወይም ከአንድ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ቢሮ ተጋርቶ መሥራት ለምዷል። የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም የተፈቀደው፣ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በሕግ የተመሠረተው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጦ ረቂቁን የሚያይለት አንጋፋ ባልደረባ ያለው ጠበቃ ጥቂት ነው። የቡድን ምክክር የዚያን ባልደረባ ቦታ በከፊል ይሸፍናል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰበር ውሳኔ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አስቀጥሏል። ችሎቱ ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም ሊለውጥም ይችላል። በዚህ የተነሳ ሕጉን ማወቅ ማለት የድንጋጌውን ቃል ብቻ ሳይሆን ዛሬ የጸናውን ትርጉም ማወቅ ሆኗል፤ ይህን ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው ተከታትሎ አይዘልቀውም።

ጥያቄ አጻጻፍ

በደንብ የተጻፈ ጥያቄ ግማሽ መልስ ይዞ ይመጣል። የርዕሱ መስመር ጉዳዩን በአንድ ዓይን እይታ መንገር አለበት። «እርዳታ እፈልጋለሁ» ወይም «አስቸኳይ» የሚል ርዕስ ዛሬ መልስ ቢያገኝም ከሁለት ዓመት በኋላ በማኅደሩ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። «በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ማንሻ፤ የፍ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ 78፤ የአንድ ወሩ ጊዜ መነሻ» የሚለው (ምኅጻሩ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር ማለት ነው) ግን ለጠያቂውም ለወደፊቱ ፈላጊም ይሠራል።

በመልእክቱ ውስጥ መጀመሪያ ጉዳዩ ያለበት ደረጃ ይገለጻል፦ ክስ ነው፣ መልስ ነው፣ ይግባኝ ነው፣ ሰበር አጣሪ (አቤቱታው ለሰበር ችሎት ይቅረብ አይቅረብ የሚለየው) ላይ ነው ወይስ አፈጻጸም። ብዙ መልሶች የሚሳሳቱት መላሹ ደረጃውን ሳያውቅ ስለሚጽፍ ነው። መልስ ከመቅረቡ በፊት ትክክል የሆነ ምክር ጭብጥ (ፍርድ ቤቱ የሚወስንበት የክርክር ነጥብ) ከተያዘ በኋላ ዋጋ ላይኖረው ይችላል፤ በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 የተዘረዘሩ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ናቸው። ቀጥሎ ለጥያቄው የሚያስፈልጉ ፍሬ ነገሮች በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ይቀመጣሉ። ከዚያ ጠያቂው ራሱ ያነበበው ይጠቀሳል። ይህ የመጨረሻው ለጨዋነት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሰባት ሰዎች ያንኑ አንቀጽ ደግመው እንዳይልኩ ይከላከላል።

አንድ መልእክት አንድ ጥያቄ ብቻ ቢይዝ ይመረጣል። ስለ ይርጋ (መብት የሚጠየቅበት ጊዜ ማለፍ) እና ስለ ፍርድ ቤት ሥልጣን በአንድ ላይ ሲጠየቅ መላሾች ቀለል ያለውን መልሰው ከባዱን ይተዉታል።

የጊዜ ገደብ ካለም በግልጽ ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በ58ኛው ቀን ማታ የተላከ ጥያቄ መልስ ቢያገኝ እንኳን አቤቱታውን ለመጻፍና ግልባጭ ለማውጣት ጊዜ አይተርፍም። በፍርድ ቤት የክረምት ዕረፍት ጊዜ ደግሞ ብዙ አባላት ከከተማ ስለሚወጡ መልስ ይዘገያል፤ በዕረፍቱ ወቅት ለሚሠራው ተረኛ ችሎት የሚሆን ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ስልክ መደወል ይሻለዋል።

ምስጢር

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ አብዛኛው ስህተትም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ተደንግጓል፤ የሙያ ምስጢርን መግለጽ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399ም ያስቀጣል። ብዙዎች ስም ካልጠቀሱ ግዴታቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል። በአዲስ አበባ ይህ አይሠራም። የሙያው ዓለም ጠባብ ነው፤ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ እዚያው ቡድን ውስጥ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። «ቦሌ ያለ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሆቴል ባለድርሻ ከወንድሙ ጋር በአክሲዮን ሽያጭ ተጣልቶ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስም የለውም፤ ነገር ግን ወንድሙን ለሚወክለው ጠበቃ አንዴ ማንበብ ይበቃዋል። ደንበኛው ስምምነት እያሰበ መሆኑን ወይም ማስረጃው ደካማ መሆኑን ያ ጠበቃ በዚያው መንገድ ካወቀ ጉዳቱ አይመለስም።

የሚበጀው መንገድ ለሕጉ የማይጠቅመውን ፍሬ ነገር በሙሉ ማውጣት ነው። ሆቴሉ ሆቴል መሆኑ ለውል ይርጋ ለውጥ ካላመጣ «ድርጅት» ይበቃል። ቀን መጥቀስ ካስፈለገ ርቀቱ ይጻፋል፦ «ውሉ ሊፈጸም ከሚገባበት ጊዜ 11 ዓመት አልፏል» ቢባል የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር (የፍ/ብ/ሕ/ቁ) 1845ን የአሥር ዓመት ጥያቄ ለማንሳት በቂ ነው፤ ወርና ቀኑ አያስፈልግም። የገንዘቡ መጠን ለሥረ ነገር ሥልጣን (ጉዳዩን የትኛው ደረጃ ፍርድ ቤት እንደሚያየው ለመለየት) ሲባል ካስፈለገ «ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ» ወይም «በታች» ማለት ይበቃል። ክፍለ ከተማ፣ የቤተሰብ ዝምድና፣ የሥራ ዓይነት ብዙ ጊዜ ይወጣሉ። ፍሬ ነገሩን መቀየር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሻጭን ገዢ አድርጎ የጠየቀ ሰው ለራሱ ጉዳይ የማይሆን መልስ ይቀበላል። ማውጣት ከመቀየር ይሻላል። ጥያቄው ከዚህ ሁሉ በኋላም ጉዳዩን ያሳያል ብሎ የሚሰጋ ጠበቃ ለቡድኑ አይጻፍ፤ ለአንድ የሚያምነው ባልደረባ፣ ደንበኛውን አስፈቅዶ፣ ይጠይቅ።

ሰነድ ማያያዝ የባሰ አደጋ አለው። በፒዲኤፍ ላይ ስምን በጥቁር ሳጥን መሸፈን ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አያጠፋውም፤ ተመርጦ ሲቀዳ ይወጣል። በስልክ ፎቶ ላይ በጣት የተቀባ ጥቁር ቀለምም ብርሃኑ ሲጨመር የሚያሳልፍበት ጊዜ አለ። የዎርድ ፋይል የጸሐፊውን ስምና የተሰረዙ እርማቶችን ይዞ ይጓዛል። አስተማማኙ ዘዴ የድሮው ነው፦ ማተም፣ ስሙንና የመዝገብ ቁጥሩን በወፍራም ቀለም መሰረዝ፣ የተሰረዘውን ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ ከዚያ ኮፒውን ስካን ማድረግ። ግልባጩ ላይ ያለውን የማኅተምና የፊርማ ቦታ፣ የዳኞቹንም ስም መርሳት አይገባም።

በተሳሳተ አድራሻ የሄደ መልእክት ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። የቡድኑ አድራሻ መልስን በቀጥታ ለሁሉም እንዲልክ ከተስተካከለ፣ ለአንድ ወዳጅ ብቻ የታሰበ ማስታወሻ መላው ማኅበር ዘንድ ይደርሳል። ጂሜይል የተላከን መልእክት ወደ ኋላ የመሳቢያ ጊዜ ቢበዛ 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ ይህን በማስተካከያው ከፍ አድርጎ መያዝ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪው ከማኅደሩ ሊሰርዘው ይችል ይሆናል፤ ከአባላቱ ሳጥን ግን አያወጣውም።

የራሱን መዝገብ በሌላው ጥያቄ ውስጥ ያየ ጠበቃ ዝም ብሎ ማንበቡን መቀጠል የለበትም። ለጠያቂው ለብቻው ጽፎ ማሳወቅ፣ በዚያ ርዕስ ላይ መልስ ከመስጠትም መቆጠብ ይገባዋል። ይህ ልማድ ሥር ካልሰደደ ቡድኑ ውስጥ ጥያቄ የሚጠይቅ አይኖርም።

መልሱን ማጣራት

ከቡድን የተገኘ መልስ ጥቆማ ነው። «ሰበር በዚህ ላይ ወስኗል» የሚል መልስ የመዝገብ ቁጥሩንና ውሳኔው የታተመበትን ቅጽ (የውሳኔዎች ጥራዝ) ቁጥር ካልያዘ አቤቱታ ውስጥ አይገባም። ቁጥሩ ከመጣም ውሳኔው ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል። በታተሙት ቅጾች ላይ ከውሳኔው በፊት የሚቀመጠው አጭር የሕግ ነጥብ ለመፈለጊያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰፋ ተደርጎ ስለሚጻፍ ውሳኔው ያረፈበትን ፍሬ ነገር ሊያሳጣ ይችላል። ተቃራኒ ወገን ልዩነቱን ችሎት ላይ ሲያሳይ ደግሞ ጠቃሹ ይጎዳል። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ የጻፉት ክፍል የአብላጫው ትርጉም ተደርጎ የተላለፈበት ጊዜም አለ፤ ከወረቀቱ መጨረሻ የተቆረጠ አንድ ገጽ ብቻ ሲላክ እንዲህ ይሆናል።

የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂ ልዩነት ሌላ የክርክር ምንጭ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ አስረጂነት ያለው አማርኛው ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ስለተተረጎመ ልዩነቱ በእሱ ላይ ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ ሁለት አባላት ስለ አንድ ቁጥር የማይስማሙ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛውን ቅጂ እንዳነበቡ ነው። ጥርጥር ካለ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ያሳተመውን ወረቀት ማየት ክርክሩን ያሳጥረዋል።

ማኅደሩን መፈለግ

የቡድኑ ትልቁ ሀብት የዓመታት ጥያቄና መልሱ ነው፤ አማርኛ ግን ለመፈለግ ያስቸግራል። «ሕግ» ብሎ የፈለገ «ህግ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ «አፈጻጸም»ና «አፈፃፀም»፣ «ሥራ»ና «ስራ»ም እንደዚያው። ሁለቱንም አጻጻፍ ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። የአዋጅ ቁጥር በዘመን አቆጣጠር ልዩነት ሁለት መልክ አለው፦ 1249/2013 በአማርኛው፣ 1249/2021 በእንግሊዝኛው ያው አንድ አዋጅ ነው። «አዋጅ 25/88» እና «25/1988»ም እንዲሁ። ከመስመሩ (/) ግራ ያለውን ቁጥር ብቻ መፈለግ ከዚህ ሁሉ ያድናል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ፤ ፍለጋም አያገኛቸውም። እንዲህ ያለ ሰነድ የሚልክ ሰው የጉዳዩን ፍሬ ሐሳብ በመልእክቱ ውስጥ በዩኒኮድ ሁለት መስመር ቢጽፍ ለሁሉም ይጠቅማል። ስካን የተደረገ ውሳኔም እንደ ሥዕል ስለሚቆጠር ያው ነው።

ቴሌግራም ብዙዎች ዘንድ ኢሜይልን ተክቷል። ዛሬ የትኛው ችሎት እንደማይሰየም፣ የትኛው መስኮት እንደተዘጋ ለማወቅ ከእሱ የተሻለ የለም። ለሕግ ጥያቄ ግን መልሱ በሌላ ወሬ ይዋጣል፤ በአንድ ንኪም ወደ ውጭ ይተላለፋል።

አስተዳደር

ሁለት ወይም ሦስት አስተዳዳሪዎች ይበቃሉ፤ አንድ ብቻ መሆን ግን የለበትም፤ እሱ ሲታመም ወይም አገር ሲለቅ አድራሻው ባለቤት ያጣል። አዲስ አባል ሲመዘገብ ፈቃዱ መታየት አለበት። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የተሾመ አባል በሹመቱ ሳምንት ከዝርዝሩ መውጣት አለበት፤ እሱም ራሱ ቢጠይቅ ያስከብረዋል። ብዙ ቢሮዎች አንድ ኢሜይል ለጠበቃውም ለጸሐፊውም ስለሚጠቀሙ፣ አባላት በግል አድራሻቸው እንዲመዘገቡ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመታየት ላይ ስላለ መዝገብ ዳኛን በስም እያነሱ መጻፍ መከልከል አለበት። ቡድኑ የግል ክፍል አይደለም፤ በመቶ ለሚቆጠሩ ሰዎች የተላከ ነቀፌታ በፍ/ብ/ሕ/ቁ 2044 የስም ማጥፋት ክስ ሊያስነሳ፣ ይዘቱም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 ፍርድ ቤትን የመድፈር ጥያቄ ሊያስከትል ይችላል። የችሎት አሠራር ላይ ያለ ቅሬታ በማኅበሩ በኩል በጽሑፍ ይቀርባል። የቢሮ ኪራይ ማስታወቂያና የሐዘን መግለጫ የራሳቸው መስመር ቢኖራቸው የሕግ ጥያቄው አይሸፈንም።

ጠያቂ የመጨረሻውን ውጤት መልሶ እንዲያሳውቅ ማሳሰብም የአስተዳዳሪ ሥራ ነው። ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ተቀበለው ወይስ አልተቀበለውም የሚለው አንድ መስመር በማኅደሩ ውስጥ ካሉ አሥር አስተያየቶች ይልቅ ለሚቀጥለው ጠበቃ ይጠቅመዋል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ግን ያለዚህ መስመር ተዘግተው ይቀራሉ፤ ስለዚህ አስተዳዳሪው ከቀጠሮው ቀን በኋላ ለጠያቂው ለብቻው አጭር ማስታወሻ ይልካል።