«ቱ ቫሉ»፦ ደሴት የሚል ቃል የለበትም

በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የደሴቶች አገር «ቱቫሉ» ስትባል ስሟን «ስምንቱ ደሴቶች» ብሎ መተርጎም ተለምዷል። «ቱ» መቆም ነው፣ «ቫሉ» ስምንት፤ ደሴት የሚል ቃል የለበትም። ስምንት ሆነው ቆሙ እንደማለት ነው። ከጥንት መንደር የነበረባቸው ስምንቱ ናቸው፤ ዘጠነኛዋን ኒዩላኪታን እ.ኤ.አ. በ1949 ከስምንቱ የአንዷ የኒዩታኦ ሰዎች ሰፈሩባት። አባባሉ የአገር ስም የሆነው በ1975 ከጊልበርት ደሴቶች (ከዛሬዋ ኪሪባቲ) ሲለዩ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠሩት በኤሊስ ነበር፤ በ1819 በዚያ ባለፈች መርከብ ላይ ጭነት በነበረው እንግሊዛዊ ፖለቲከኛ ስም!

ታዲያ «ኖሩ» ሳይሆን «ቆሙ» የተባለው ለምንድን ነው? ብዙዎች የ«ድር ቢያብር» ዓይነት ምክር ያደርጉታል። እኔ የማደላው ወደ ፑላካው ጉድጓድ ነው።

ፑላካ የጎደሬ ዘመድ ነው፣ ግን ግዙፍ። ደሴቶቹ ሁሉ ተደምረው 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ናቸው፤ መሬቱ የኮራል ስብርባሪ ነው፣ ወንዝ የለም። የዘነበው ውሃ ወደ ኮራሉ ይሰርግና ከባሕሩ ውሃ ስለሚቀል በላዩ ይንሳፈፋል። ጉድጓዱ በእጅ የሚቆፈረው እዚህ ውሃ ጋ እስኪደረስ ነው። ችግኙ ከቅጠል በተጠለፈ፣ ታች በሌለው ቅርጫት ይተከልና የዳቦ ፍሬ ዛፍ ቅጠል ይከመርበታል። ቅጠሉ በስብሶ አፈር ይሆናል፤ ሥሩ በወፈረ ቁጥር ይደረብለታል። ያለ ብስባሽ ኮራል ላይ ፑላካ አይወፍርም። ማዕበል ዘልቆ ከገባ ወይም ውሃው ከልክ በላይ ከተቀዳ ጨው ይደርስበታል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ዝናብ እስኪያጥበው መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ድርቅ ሲመጣ የሚቆም ደሴት ጉድጓዱ ያልከዳው ነው። ግምት ነው፣ ግን ከምክሩ ይልቅ በእጅ የሚጨበጥ ነገር አለው።

ዋና ከተማው ባለበት ፉናፉቲ ላይ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያቸውን የዘረጉት የፑላካ ጉድጓዶች የነበሩበት መሬት ላይ ነው። ለማረፊያው ኮራል የወጣባቸው ጎድጓዶች ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የቆሻሻ መጣያ ሆነው ቆይተው በ2015 ተሞሉ።

ቃሉን እንደ ሒሳብ የሚያነቡት የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በ1995 መንግሥቱ ራሱ «ስምንት ነው የሚለው» ብሎ ከባንዲራው ዘጠኝ ኮከቦች አንዱን አነሳ። ኒዩላኪታ ኮከቧን መልሳ ያገኘችው በ1997 ነው።