በወሎ የቆየ ደም፦ ተጠርጣሪው ከተያዘ በኋላ

ወሎ ውስጥ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ካልተያዘ «ደሙ አልደረቀም» ይባላል። አሥር ዓመት ይለፍ፣ ሃያ ይለፍ፣ አልደረቀም ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪ የያዘ ዕለት ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ለሁለቱ ቤተሰቦች ግን ያን ዕለት እንደ አዲስ ይነሣል። አንዱ መንገድ ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል፣ ሌላው ወደ አበጋር፣ ማለትም ደም ወደሚያስታርቀው የአገር ሽማግሌ። እዚህ ሁለቱም ተነሥተዋል፤ ስለ አበጋር ግን ይበዛል። ሕጉን መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ይቻላል። አበጋሩ የተጻፈበት መጽሐፍ ግን በየቤቱ አይገኝም።

ወሎ ስንል የዛሬዎቹን የሰሜንና የደቡብ ወሎ ዞኖች፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንንም ጨምረን ነው። ወሬው በአብዛኛው የተለቀመው ከአምባሰል፣ ከተሁለደሬና ከሐብሩ በኩል ስለሆነ የሳይንትና የቦረና ሰው «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ቢል አንከራከርም።

ፖሊስ ከመኖሩ በፊት

መንግሥት መርማሪ ሳይኖረው መርማሪው ራሱ መንደሩ ነበር። ሥርዓቱ አውጫጭኝ ይባላል፤ አፈርሳታ የሚለውም ስሙ ነው። የወሎ ብቻ አይደለም፣ ሌላውም አገር ያውቀዋል። ሰው ተገድሎ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ከብት ተነድቶ አድራጊው ካልታወቀ የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ከዚያ እየማሉ መቀመጥ ነው። ነገሩ በአንድ ቀን ካላለቀ በነጋታውም መሰብሰብ አለ። እርሻ ይቆማል፣ ከብቱ በልጅ እጅ ይውላል።

ፊት ለፊት «እገሌ ነው» ብሎ መናገር ሌላ ደም ያመጣል። ስለዚህ ጥቆማው በ«ወፍ» ይመጣል። ወፍ የሚሉት ያየውን ወይም የሰማውን በምስጢር የሚያደርሰውን ሰው ነው። ስሙ አይነሣም። ሽማግሌው ተነሥቶ ወፍ ነገረችኝ ይላል፣ አለቀ። ማን እንደነገረው የሚጠይቀው የለም። አድራጊው ካልወጣ ደግሞ አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል። ይህ ነው ሰውን የሚያናግረው። የማያውቀውን ሰው ዕዳ ዝም ብሎ የሚከፍል የለምና።

ገዳዩ ከታወቀ በጥንቱ ሥርዓት ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ይገድሉታል፣ ወይም ካሳ ተቀብለው ይተዉታል። በ1923 የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1949 ደግሞ ሰፋ ያለው መጣ። ደርግ በየገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ አቋቋመ። አበጋሮቹ በዚህ ሁሉ መሃል ነበሩ።

ከተያዘ በኋላ፦ የመንግሥቱ መንገድ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሰውየው ከገበያ ሲመለስ መሽቶበት ተገደለ እንበል። መነሻው የድንበር ጠብ ነው፤ የአንድ ጥማድ መሬት ጉዳይ። የተጠረጠረው ጎረምሳ በዚያው ሌሊት ተነሥቶ ወደ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ጅዳ ነው ያለውም አለ። ከ22 ዓመት በኋላ እናቱ ሞተች ሲባል ለለቅሶ መጣ። ሁለተኛው ቀን ላይ ከድንኳኑ አጠገብ ተያዘ። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው በለቅሶ ወይም በሰርግ ነው፤ ሆድ አያስችልም።

ከዚህ በኋላ ያለው በሕግ የተቆጠረ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለመንገድ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ዋስትናን በተመለከተ የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ጠንካራ ነው። ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ከሞተ ዋስ የለም። የሟች ልጆች ይህን አያውቁም። ስለዚህ በየቀጠሮው «ሊለቁት ነው» የሚል ወሬ ይዞራል፣ በየቀጠሮውም ግቢው በሁለት ወገን ይሞላል። አንዱ ዛፍ ሥር አንዱ ወገን፣ ሌላው ዛፍ ሥር ሌላው። ሻይ ቤቱ አንድ ከሆነ ተራ ጠብቀው ነው የሚገቡት።

ዋናው ጣጣ ይርጋ ነው፤ ካለፈ ክስ የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 የሚወድቀው ከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል፤ ይርጋውም 25 ዓመት ነው። በአንቀጽ 540 ያለው ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፣ ይርጋው 20 ዓመት ነው። የእኛ ሰውዬ የተያዘው ከግድያው 22 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ አድፍጦ፣ አስቦ ገደለ ከተባለ ይከሰሳል፤ በጠብ መሃል ነው ከተባለ ሊያመልጥ ይችላል። በመሃል ምርመራ ተደርጎ ከሆነ ቆጠራው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ እሱም ቢሆን ወሰን አለው። ለዚህ ነው ጠበቃው ስለ ግድያው ከመከራከሩ በፊት የድሮውን መዝገብ ቀን በቀን የሚያገላብጠው። ሕጉ ገዳዩ ሲጠፋም መንገድ አለው፤ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ተከሳሹ በሌለበት ሊታይ ይችላል።

ማስረጃውስ? ከሃያ ዓመት በኋላ የሚገኘው የሰው ቃል ነው። ያየው ሞቷል፣ የሰማው አርጅቷል። በዚህ ላይ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የቆየ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ይህን ያውቃል።

አበጋር

ስሙ ያከራክራል። «አባ» አባት መሆኑን የሚክድ የለም። «ጋር» የሚለውን ግን ከኦሮምኛው ጋሪ፣ ማለትም መልካም ከሚለው የሚያመጡት አሉ፤ ገር ከሚለው አማርኛ የሚያመጡትም አሉ። የመጀመሪያው ሳይሻል አይቀርም። አበጋርነት በዘር ይወርዳል። ልጅ ሁሉ ግን አይወርሰውም፤ አፉ የታረመ፣ ቁጣ የማያውቅ፣ ዱአው ይደርሳል የሚባል ያስፈልጋል። ደሞዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም። በራያ ቆቦ በኩል ዘወልድ የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ። ከሚሴ አካባቢ ጥሩ ሲና በሚባለው ቦታ ደግሞ ነገሩ በሸሆች ፊት ይታያል።

ሰውየው የተያዘ ዕለት ማታ አበጋሩ ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የተጠርጣሪው ወገን ነው። የሚፈራው ወንድሙ ነው፣ አጎቱ ነው። ደም በገዳዩ ብቻ አይመለስም፣ ከዘሩ የተሻለው ወንድ ይፈለጋል። አበጋሩ መጀመሪያ የሚያደርገው የሟችን ቤት እጅ ማሳሰር፣ ማለትም ለበቀል እንዳይነሡ ማስማል ነው። በማለዳ ሄዶ ከአጥር ውጭ ይቀመጣል። ግቡ ቢባል አይገባም፣ ቡና ቢቀርብ አይጠጣም። «እስክታስታግሱልን» ይላል። እንዲህ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ወራት። የሟች ታላቅ ልጅ ስሙ ደምመላሽ ሊሆን ይችላል። ስሙን እየጠራ ያሳደገው አገር ዛሬ ተው ሲለው ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ነገሩ እስኪያልቅ እጄን ሰብስቤያለሁ ብሎ ይምላል። የተጠርጣሪው ዘመድም ከሟች ወገን ጋር በገበያና በመንገድ እንዳይገናኝ ይጠነቀቃል። ባይተዋወቁ ይሻል ነበር፤ ግን የአንድ ወንዝ ውሃ ነው የሚቀዱት።

እርቁ ራሱ በዱአ ይከፈታል። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ቡናው እየተቆላ፣ ጫቱ በየፊቱ ተቀምጦ። አበጋሩ ይመርቃል፣ ሰው እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ክርስቲያኑም አሚን ይላል። ሲምል ግን በየሃይማኖቱ ነው፣ አንዱ በቁርኣን፣ አንዱ በወንጌል። እዚህ አገር ከአንድ ቤት ሁለቱም ስለሚወጣ የሚገርመው የለም። ከዚያ ነገሩ ይዘረዘራል። ካሳው (ጉማም ይሉታል፣ ሙስሊሙ ዲያ ይላል) ድሮ በከብት ነበር፣ አሁን በብር ነው። የገዳይ ወገን ተዋጥቶ ይከፍላል። ይታረዳል፣ አብሮ ይበላል፤ የእርዱ ሥርዓት ከቀዬ ቀዬ ይለያያል። በመሃል ቂም የቋጠረ፣ ቃሉን ያጠፈ ይረገማል። የአበጋር እርግማን ወረቀት ላይ አይሰፍርም፣ ግን ከፍርድ ቤት ይልቅ እሱን የሚፈራ ብዙ ነው። ይህን የምንለው ስለ ወሎ ስለምናደላ ብቻ አይደለም፣ ዳኞችም ፖሊሶችም ሽማግሌ ላኩልን ሲሉ ይሰማል።

የሟች ሚስትና እናት በዚህ ሁሉ መሃል ሲጠየቁ እምብዛም አይታይም። ዱበርቲ የሚባሉ ለምነውና መርቀው ነገር የሚያበርዱ ሴቶች አሉ። ካሳው የሚቆጠረው ግን በወንዶቹ እጅ ነው።

ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

ሕጉ በዚህ ግልጽ ነው። ግድያ በግል አቤቱታ የሚነሣ ወንጀል ስላልሆነ ሁለቱ ወገኖች ስለታረቁ ክሱ አይቋረጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በሁለቱ ፈቃድ ነው። እርቁ የሚጠቅመው ቅጣት ሲወሰን ነው። ተጸጽቶ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ጉዳቱን በቻለው መጠን የካሰ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል።

ዐቃቤ ሕጎች የሚያማርሩት ሌላ ነው። እርቅ ወርዷል ከተባለ ምስክር ይጠፋል። ትናንት ያየ ሰው ዛሬ መሽቶ ነበር፣ ፊቱን አልለየሁም ይላል። አበጋሮቹ ዋሹ ብለን አንመክርም ይላሉ። ቢሆንም በጉማ የተዘጋ ነገር ላይ ቆሞ መመስከር እርቁን ማፍረስ ተደርጎ እንደሚታይ እነሱም አይክዱም። ነገሩ ጥፋት ነው የሚል አለ፤ ያለ እርቅ ስንት ሰው ይሞት ነበር የሚልም አለ። የኋለኛው ለአገሩ የቀረበ ይመስለናል።

የተፈረደበት ሰው ታስሮ ሲወጣ ልዩነቱ ይታያል። ያልታረቀው ወደ ቀዬው አይመለስም። ኮምቦልቻ ወይም ሌላ ከተማ ቀን ሥራ ይዞ ይቀራል፣ ሚስቱን አስመጥቶ በኪራይ ይኖራል። የታረቀው ከእስር ቤት በር ላይ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ወደ ገዛ ቤቱ ከመግባቱ በፊት የሟች ቤት ደጃፍ ይወስዱታል። ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። የሟች ልጅ ወጥቶ ድንጋዩን ከትከሻው ያነሣለታል። ከውስጥ ቡና ይጠራል፣ አበጋሩም በመጀመሪያው ማለዳ አልጠጣም ያለውን ስኒ ያን ጊዜ ይቀበላል።