የላፕቶፕ ካሜራ መሸፈኛ ምንድን ነው? ከምንስ ያድናል?

ታናሽ እህቴ ባለፈው ሰሞን ፎርም ልትሞላ ላፕቶፔን ፈለገችው። ገና ስትከፍተው ካሜራው ላይ የለጠፍኳትን ጥቁር ፕላስተር አየችና «አንተን ደግሞ ማን ያይሃል?» አለችኝ። ብዙ ሰው እንደዚሁ ይላል። እኔ ግን መሸፈኑን አምንበታለሁ። ለምን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደማይሠራም ልንገራችሁ።

መሸፈኛ ስል የተለየ ዕቃ ማለቴ አይደለም። ከስክሪኑ በላይ ያለችውን የካሜራ ዓይን የሚጋርድ ማንኛውም ነገር ይሆናል። ፕላስተርም ወረቀትም ይሠራል። ወደ ጎን የምትንሸራተት ትንሽ ፕላስቲክም ትሸጣለች። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ መዝጊያ አላቸው።

ካሜራውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁን ከሩቅ ሆኖ የሚያዝ ሰው ካሜራውንም ያዛል። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ቫይረሶች አሉ፤ ባለሙያዎች «ራት» (RAT) ይሏቸዋል፤ ኮምፒውተርን ከሩቅ ማዘዣ ማለት ነው። ፋይል ይከፍታሉ፣ ፓስዎርድ ይቀዳሉ፣ ካሜራና ማይክ ያበራሉ። በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የአሜሪካው ኤፍቢአይ ከአውሮፓ ፖሊሶች ጋር ሆኖ ያዘጋው «ብላክሼድስ» የሚባለው በ40 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከ100 በሚበልጡ አገሮች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቷል። 40 ዶላር የማንም ኪስ ውስጥ አለ። እንግዲህ የሚታየው ዝነኛ ሰው ብቻ አይደለም።

አንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አይጠፋም። በ2013 የአሜሪካ የታዳጊ ሴቶች ቁንጅና ውድድር አሸናፊ የሆነችው ልጅ በገዛ ላፕቶፗ ካሜራ መኝታ ቤቷ ውስጥ ፎቶ ተነስታለች። ያነሳት ሃይስኩል አብሯት የተማረ ልጅ ነበር። ሌላ ፎቶ ካልላክሽልኝ እበትነዋለሁ እያለ ሲያስፈራራት ተይዞ 18 ወር ተፈረደበት። እሷ ስትናገር ካሜራው ሲሠራ የሚበራው መብራት እንኳን አልበራም ብላለች።

«መብራቱ ይበራ የለ?» የሚል ሰው ይህን ልብ ይበል። በዚያው ዓመት የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2008 በፊት የተሠሩ ማክቡክ የሚባሉ የአፕል ላፕቶፖች ላይ መብራቱ ሳይበራ ካሜራው እንዲሠራ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። አዳዲሶቹ ማክቡኮች መብራቱ ሳይበራ ካሜራው እንዳይነሳ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የእናንተ ላፕቶፕ እንዴት እንደተሠራ ግን ከውጭ አይታይም። ፕላስተር ይታያል።

የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግም ይሸፍን ነበር። በ2016 ኢንስታግራም 500 ሚሊዮን ተጠቃሚ ሲሞላ በለጠፈው ፎቶ ላይ ከኋላው ያለው ላፕቶፕ ካሜራው ታሽጎ ይታያል። በፎቶው ላይ ሌላም ነገር ነበር፤ የማይኩ ቦታም ተለጥፎበታል።

ትልቁ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ፕላስተር ዓይኑን እንጂ ጆሮውን አይዘጋም። ማይክ ላይ ብትለጥፉም ድምፁን ትንሽ ያፍነው ይሆናል እንጂ አያቆመውም። እስቲ አስቡት። ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠን ብዙ ጊዜ የምንታየው ስንጽፍና ስናነብ ነው። የምንሰማው ግን ስልክ ስናወራ፣ ከቤተሰብ ጋር ስንማከር፣ ስለ ገንዘብ ስንነጋገር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2014 አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ «ኪዳኔ» በሚል ተለዋጭ ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው በኢሜይል በመጣ የወርድ ፋይል «ፊንስፓይ» የተባለ መሰለያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ፣ ለወራት የስካይፕ ንግግሮቹን ሲቀዳ ቆይቷል። የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ ዘጋው። ለዚህ ሰው ፕላስተር ምን ያደርግለት ነበር? የቀዱት ድምፁን ነው። የገቡት ደግሞ ከኢሜይል ጋር በተያያዘ ፋይል ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲትዝን ላብ የሚባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ሌላ ዘዴ አጋለጠ። ውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን የቪዲዮ ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር የሚባለውን የያኔ ቪዲዮ ማጫወቻ አፕዴት አድርጉ ይባሉ ነበር። አፕዴቱ መሰለያው ነበር።

እንግዲህ ሸፍኑ፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ሁለት ሰከንድ ነው። ፕላስተሩ ሙጫው ሌንሱን እንዳያበላሸው መሃሉ ላይ ጥፍር የምታህል ወረቀት አድርጉበት። ማክቡክ ካላችሁ ወፍራም ፕላስቲክ ለጥፋችሁ አትክደኑት፤ ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። አፕል ራሱ በ2020 ይህን አስጠንቅቋል፤ ከተራ የፕሪንተር ወረቀት የበለጠ ውፍረት አይኑረው ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም ካሜራና ማይክ የተፈቀደላቸውን ፕሮግራሞች እዩ። ደህና ፕሮግራም በፈቃድ ይሠራል፤ ቫይረስ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ሶፍትዌር ስትጭኑ፣ ያልጠበቃችሁትን ፋይል ስትከፍቱ ከካሜራው ይልቅ እነሱን ፍሩ።

ለእህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ፍላሽ እጇ ላይ ነበር። ፎርሙን ሰፈር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገልብጣ ነው ያመጣችው። ሰክታ ልትከፍት ስትል «ቆይ» አልኳትና መጀመሪያ ስካን አደረግነው። ሾርትከት ቫይረስ ወጣበት።