«የአሜሪካ ኢትዮጵያ» የተባለችው ቱኒካና ካዚኖዎቿ

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ሰባ ሰባት ነው። ወሎና ትግራይ በረሃብ ያለቁበት፣ የዓለም ካሜራ ሁሉ እኛ ላይ የተደገነበት ዓመት። በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 1985፣ ጥቁር አሜሪካዊው ፖለቲከኛና ሰባኪ ጄሲ ጃክሰን ሚሲሲፒ ውስጥ ቱኒካ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደው አንድ ሰፈር ጎበኙ። ሰፈሩ ሹገር ዲች ይባላል፣ «የስኳር ቦይ» እንደማለት ነው። ስኳር የሚባል ነገር ግን የለበትም። ከተጎሳቆሉት የእንጨት ቤቶች ጀርባ ክፍት የፍሳሽ ቦይ ያልፋል፤ ቤቶቹ ቧንቧም መጸዳጃም ስለሌላቸው ሰዉ ባልዲውን ይዞ እየወጣ እዚያው ቦይ ውስጥ ይደፋል። ጃክሰን ይህን አይተው «የአሜሪካ ኢትዮጵያ» አሉት።

ስማችን የችግር መለኪያ ሆኖ ሲጠራ ያናድዳል፣ አልደብቅም። ግን ቱኒካን ማወቅ ይጠቅማል። ካዚኖ የደኸየ ከተማን ያነሳል ወይስ አያነሳም ለሚለው ጭቅጭቅ ከእሷ የተሻለ ማሳያ ለማግኘት ይከብዳል።

ከተማዋ ያለችበት ቱኒካ ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ፣ እንደኛ ወረዳ ዓይነት አስተዳደር ነው) የምትገኘው በሚሲሲፒ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከራሱ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ነው። ዴልታ የሚባለው ለጥ ያለ የጥጥ አገር። ከነዋሪው አራት እጅ ሦስቱ ጥቁር ነው፤ መሬቱ ግን በጥቂት የነጭ ቤተሰቦች እጅ ነው። የጥቁሮቹ አያቶች እኩል አራሾች ነበሩ፣ የኛም አባቶች በደንብ የሚያውቁት ዓይነት ኑሮ። ከዚያ የጥጥ መልቀሚያ ማሽንና የአረም መድኃኒት መጣና የሰው ጉልበት አያስፈልግም ተባለ። መሄድ የቻለው ወደ ሰሜን ተሰደደ፣ ያልቻለው ሥራም መሬትም ሳይኖረው ቀረ። በ1980ዎቹ ቱኒካ ከአሜሪካ ካውንቲዎች ሁሉ ድሃዋ ትባል ነበር።

በ1990 የሚሲሲፒ ግዛት ካዚኖ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። አስቂኙ ነገር ቁማር ቤቱ ውሃ ላይ መንሳፈፍ አለበት መባሉ ነው። ሃይማኖተኛ አገር ስለሆነ ቁማሩ ደረቅ መሬት እንዳይነካ ፈልገው ይሆናል፣ እንጃ። ባለሀብቶቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከወንዙ አጠገብ ያለውን የእርሻ መሬት ቆፍረው ኩሬ ሠሩ፣ የወንዙን ውሃ አስገቡበት፣ ኩሬው ላይ ጠፍጣፋ ጀልባ አንሳፈፉ፣ በጀልባው ላይ ደግሞ ሕንፃውን ገነቡ። ውስጡ ገብቶ ቁማር የሚጫወት ሰው ውሃ ላይ መሆኑን በጭራሽ አያውቅም።

ሁለተኛው ዕድል ከጎረቤት መጣ። ሕጉ በወንዙ ዳር ያሉ ካውንቲዎች ሕዝብ ካልተቃወመ ካዚኖ ይፈቀዳል ይላል። በቱኒካና በትልቁ የሜምፊስ ከተማ መካከል ያለችው የዴሶቶ ካውንቲ «አንፈልግም» አለች። ሜምፊስ ያለችበት የቴነሲ ግዛት ደግሞ ካዚኖ አይፈቅድም። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላለው ለዚያ አካባቢ ቅርቡ ቁማር ቤት ቱኒካ ሆነች። ማንም ብልጥ ሆኖ ያቀደው አይደለም፣ ካርታው ነው የሠራላት።

የመጀመሪያው ካዚኖ ስፕላሽ ይባላል፣ የተከፈተው በጥቅምት 1992 ሙን ላንዲንግ በሚባል የወንዝ ዳርቻ ነው። ለመግባት ብቻ 10 ዶላር ያስከፍል ነበር። ገንዘብህን ልትበላበት ለምትሄድበት ቤት የመግቢያ ከፍለህ! ሰዉ ግን ተሰልፎ ከፈለ። ይህን ያዩ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ተግተልትለው መጡ። ግን ሙን ላንዲንግ አልቆሙም። ወደ ሜምፊስ በቀረቡ ቁጥር የደንበኛው መንገድ ስለሚያጥር፣ ከካውንቲዋ ሰሜን ጫፍ ላይ ሠሩ። ወደ ስፕላሽ የሚነዳ ሰው በእነሱ ደጅ ማለፉ አይቀርም፣ ማን አልፎ ይሄዳል? ስፕላሽ ሦስት ዓመት እንኳን በቅጡ ሳይሞላው በ1995 ተዘጋ።

ከዚያ ገንዘቡ ጎረፈ። ቱኒካ ከላስ ቬጋስና ከአትላንቲክ ሲቲ ቀጥሎ ሦስተኛዋ የቁማር መዳረሻ እስከመባል ደረሰች። ከካውንቲዋ ጠቅላላ ሕዝብ ቁጥር የሚበልጥ የካዚኖ ሥራ ተፈጠረ። ሳህን የሚያጥበው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ካርታ የሚያድለው፣ ጥበቃው፣ ሁሉም ደመወዝተኛ ሆነ፤ ብዙዎቹ ግን ከሜምፊስና ከሌሎች ካውንቲዎች በመኪና እየተመላለሱ የሚሠሩ ነበሩ። በ1990 ካውንቲዋ 8,164 ሰው ነበራት፣ በ2000 ደግሞ 9,227። ይህን ያህል ሥራ ተፈጥሮ የጨመረው ሰው አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ሠራተኛው የሚገዛው ቤትም ሆነ ቤት የሚሠራበት መሬት በቀላሉ አያገኝም ነበር።

የካዚኖ ኢኮኖሚ ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ የሚበላው የማን ገንዘብ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ቤቲንግ ቤት አጠገብ የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የሰፈር ልጅ ለትራንስፖርት የተሰጠውን ገንዘብ እዚያው አስይዞ ይበላል፤ ሰፈሩ ላይ አዲስ ብር አልገባም፣ ከሱቁና ከምግብ ቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቲንግ ቤቱ ዞረ እንጂ። ቱኒካ ግን እንደዚያ አልነበረችም። የሚበላው በአብዛኛው የሜምፊስና በአውቶብስ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ካዚኖ ለቱኒካ ጠቅሟታል ስል በሙሉ አፌ ነው። የሜምፊስን ነገር ግን አላውራላችሁ።

ግብሩም ቀላል አልነበረም። ተጫዋቹ ያሸነፈውን ወስዶ ለቤቱ ከሚቀረው ገንዘብ ግዛቱ 8 በመቶ ይወስዳል፣ ለአካባቢው ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለካውንቲዋ ገብቷል። አሥር ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ላለው አገር! ሹገር ዲች ፈረሰ፣ ሰዉም ወደ ሌላ መኖሪያ ተዛወረ፣ ይህ እውነት ነው። ሀይዌይ 61 ሰፋ። የአውሮፕላን ማረፊያው ተራዘመ፣ ትልቅ የትርዒት አዳራሽ ተሠራ፣ የወንዝ ዳር መናፈሻና ሙዚየም ተገነባ። የመሬትና የቤት ግብርም ቀነሰ። ይኼኛው ጥሩ ይመስላል፤ ግን መሬት ያለው ማን ነበር? ከላይ ነግሬያችኋለሁ። እነዚያው ሰዎች ጥጥ የሚዘሩበትን ጭቃ ለካዚኖ ሸጠው ወይም አከራይተው አንዴ ተጠቀሙ፣ ግብራቸው ሲቀንስ ደግሞ ሁለተኛ ተጠቀሙ። ለሌላው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነበር።

ትምህርት ቤቱን ተመልከቱ። ነጮቹ ልጆቻቸውን ከ1970 ጀምሮ ወደ ግል ትምህርት ቤት ስላዛወሩ፣ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት የቀረው ለጥቁር ልጆች ነው። በ1997፣ ካዚኖው በደራበት ሰዓት፣ የካውንቲዋ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው ወድቆ ግዛቱ አስተዳደሩን ነጥቆ ያዘ። በ2015 እንደገና ያዘው። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ካዚኖው ሲዘጋ አዳራሹ ጥገና የሚፈልግ ዕዳ ይሆናል፤ አሥራ ሁለተኛን በደንብ የጨረሰ ልጅ ግን የትም ሄዶ ይሠራል። ገንዘቡ ሳይኖር ቀርቶ ቢሆን ይገባኛል፣ ገንዘቡ እያለ ነው።

ሌላው ችግር የካዚኖ ተፈጥሮ ነው። ምግቡ፣ አልጋው፣ ዘፈኑ፣ የመኪና ማቆሚያው አንድ ጣሪያ ሥር የሚሆነው ደንበኛው እንዳይወጣ ነው። ካዚኖዎቹ ያሉበት ቦታና የቱኒካ ከተማ ስለሚራራቁ፣ ከሜምፊስ የመጣው ሰው ከተማዋን ሳያይ ይመለሳል። የአትላንቲክ ሲቲ ዕጣም ይኸው ነው። የኒው ጀርሲ ሕዝብ በ1976 በድምፁ ካዚኖ የፈቀደላት እንድታንሰራራ ተብሎ ነው፣ በ1978 የመጀመሪያው ተከፈተ፣ በ2006 ካዚኖዎቿ በዓመት 5.2 ቢሊዮን ዶላር አስገቡ። ከካዚኖዎቹ ጀርባ ያለው ሰፈር ግን ባዶ ቦታና የተዘጋ ሱቅ እንደሆነ ቀረ። በ2014 ከ12 ካዚኖዎቿ አራቱ በአንድ ዓመት ተዘጉ። ዋናው ምክንያት ፔንሲልቬንያ በ2006 የራሷን መክፈት መጀመሯ ነው። ላስ ቬጋስን ምሳሌ የሚያደርጉ አሉ፤ ታክሲ የሚነዱና ካዚኖ ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራቸውን የሚበሉባት ከተማ ስለሆነች አይገርመኝም። ቬጋስ ግን አንድ ናት። በ1931 ቁማር ሲፈቀድ ለረጅም ጊዜ ተፎካካሪ አልነበራትም።

ቱኒካም ተራዋ ደረሰ። በ2011 ወንዙ ሞልቶ ካዚኖዎቹን ለሳምንታት አዘጋ። ያ አለፈ። ያላለፈው ሰኔ 2014 ላይ የሆነው ነው፦ ሃራስ የሚባለው ግዙፉ ካዚኖ፣ ሲከፈት ከቬጋስ እስከ አትላንቲክ ሲቲ አቻ የለውም የተባለለት፣ ተዘጋ። ከ1,000 በላይ ሰው ሥራ አጣ። በ2019 ሁለት ተጨማሪ ተዘጉ። በ2010 ወደ 10,778 ደርሶ የነበረው ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 9,782 ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ሌላ ምን ይባላል።

ማን ወሰደው ካላችሁ፣ ከወንዙ ማዶ ዌስት ሜምፊስ፣ አርካንሶ ውስጥ ሳውዝላንድ የሚባል የውሻ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። በ2006 የቁማር ማሽን አስገባ። በ2018 የአርካንሶ ሕዝብ በድምፁ ሙሉ ካዚኖ ፈቀደለት፣ ውሾቹ ቀሩና ፎቅ ሆቴል ተገነባ። የሜምፊስ ሰው ድልድዩን ተሻግሮ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል፣ ቱኒካ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሰሜን ጫፍ ላይ የሠሩት ካዚኖዎች ስፕላሽን ያጠፉበት ዘዴ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም። ቴነሲ ደግሞ ሜምፊስ ላይ ካዚኖ እስካሁን አልፈቀደችም።