ደስትኦፍ ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ለምንኖር ሰዎች ሄሊኮፕተር ብርቅ አይደለም። ወደ ቢሾፍቱ ሲሄድ በላያችን ያልፋል፣ ቀና ብለን አይተን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ባለፈው በጋ ግን አንዱ ከሰፈራችን ጀርባ በታጨደው የጤፍ ማሳ ላይ በጣም ዝቅ ብሎ አለፈ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ገለባው ተግተልትሎ ተነሳ፣ ገመድ ላይ ያሰጣሁት ነጭ አንሶላ ወዲያው ቡኒ ሆነ። የጎረቤቴ ልጅ ዓይኑን እያሸ «ጋሼ፣ እዚህ አቧራ ውስጥ ማረፍ ቢፈልግ መሬቱ እንዴት ይታየዋል?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ደስትኦፍን ያስታወሰኝም እሱ ነው።

ደስትኦፍ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ቁስለኛ የሚያነሱ ሄሊኮፕተሮች በሬዲዮ የሚጠሩበት ስም ነው። «ደስት» አቧራ ማለት ነው፣ ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፉ ላየ ሰው ስሙ ልክክ ይላል። ሥራው ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ውጊያው መሃል ትገባለህ፣ ቁስለኛውን ትጭናለህ፣ ሐኪም ጋ ታደርሳለህ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አብራሪ፣ አንድ የሕክምና ባለሙያና አንድ መካኒክ ይሳፈራሉ። በሩ ላይ መትረየስ የለም። እኔ ከጦር አብራሪዎች ሁሉ ለእነዚህ ልቤ የሚያደላው ለዚህ ነው።

ወጉን የተከለው ሻለቃ ቻርለስ ኬሊ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ተኩሱ ስለበረታ ቶሎ ውጣ ሲባል «ቁስለኞቻችሁን ስይዝ» ብሎ መለሰ፣ እዚያው ተመትቶ ሞተ።

በእሱ ስር ያገለገለው ፓትሪክ ብሬዲ ደግሞ የልጁን ጥያቄ በተግባር የመለሰ ሰው ነው፣ እሱን የጋረደው ጉም ቢሆንም። ጥር 6 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ቹላይ በምትባል የቬትናም ቦታ አካባቢ ሸለቆው በጉምና በጭስ ተዘግቶ ነበር። ብሬዲ ሄሊኮፕተሩን በጎኑ አዞረና የገዛ ክንፉ ንፋስ ጉሙን እየገፈፈለት፣ ከታች ያለችውን የእግር መንገድ እያየ ቀስ ብሎ ገባ። በዚያ ቀን ሦስት ሄሊኮፕተር እየቀያየረ 51 ከባድ ቁስለኞችን አወጣ። አንዴ ፈንጂ አጠገቡ ፈንድቶ ሁለት ባልደረቦቹ ቆሰሉ፣ ሄሊኮፕተሩም ተጎዳ። እንደዚያም ሆኖ 6 ሰው ጭኖ ተነሳ። በ1969 የአሜሪካ ትልቁን የጦር ኒሻን፣ የክብር ሜዳልያን፣ ተሸለመ።

ለልጁ ይህን ስነግረው መዳፉን አጋድሞ «እንዲህ በጎኑ?» አለኝ። አዎ፣ በጎኑ።