ኢሲሲ ራም ምንድን ነው? ለየትኛው ኮምፒውተርስ ያስፈልጋል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የአንድ ሱቅ ኮምፒውተር እንድጠግን ተጠርቼ ነበር። የሽያጭ ፋይሉ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ተበላሽቷል ይላል። ሃርድ ዲስኩን ቀየርኩ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሜምቴስት86 የሚባለውን መፈተሻ ከፍቼለት ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቷል፤ ሁሉም የሚጠቁሙት አንድ ቦታ ነው። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃን ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) ውስጥ ያለች አንዲት ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ ትንሿ የመረጃ ክፍል፣ 1 ሲጻፍባት 0 ሆና ትነበባለች። ራሙን ስቀይረው ችግሩ ጠፋ። ያሳዘነኝ ግን ባክአፑ ነው፤ የተገለበጠው በዚያው ራም በኩል አልፎ ስለሆነ ከፊሉ አብሮ ተበላሽቷል። ባለቤቱ ለወራት በጥንቃቄ ያስቀመጠው ነበር።

ኢሲሲ (ECC፣ ስህተት አራሚ ኮድ) ራም የሚባለው እንዲህ ያለው ስህተት ሲፈጠር ኮምፒውተሩ እንዲያውቀውና እንዲያርመው የሚያስችል ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚይዝ ራም ነው።

እንዴት ያርማል? የሰኞ ገበያ እህል ነጋዴ ደብተር አስቡ። ወደ ታች ቀኖቹ፣ ወደ ጎን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ። ነጋዴው በየመስመሩ ጫፍ የቀኑን ድምር፣ በየዓምዱ ግርጌ የእህሉን ድምር ይጽፋል። አንዱ ቁጥር ላይ ውሃ ፈስሶ 3 ይሁን 8 ባይለይ፣ የማክሰኞው ድምርና የማሽላው ድምር አልገጥም ይላሉ። የተሳሳተው ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ነው፤ ትክክለኛው ቁጥርም ከድምሩ ተሰልቶ ይገኛል። ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእርማት ኮድ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፣ ድምሮቹ ግን በቢት የተሠሩ ናቸው።

ተራው ራም በአንድ ጊዜ 64 ቢት ያስተላልፋል። ኢሲሲው 8 የማረጋገጫ ቢት ጨምሮ 72 ያደርገዋል፤ ለዚህ ነው ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ትውልድ በእጃችሁ ይዛችሁ ስታዩ ተራው በአንድ ገጽ 8 ቺፕ፣ ኢሲሲው ብዙ ጊዜ 9 ቺፕ የሚኖረው። አንድ ቢት ከተገለበጠ (0 የነበረው 1፣ ወይም 1 የነበረው 0 ከሆነ) ሥራው ሳይቋረጥ ይታረማል። ሁለት ከተገለበጡ ማረም አይችልም፣ ስህተት መኖሩን ግን ያውቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይቆማል። መቆሙ የተሳሳተ ቁጥር ዝም ብሎ ከመጻፍ ይሻላል።

ቢቱን የሚገለብጠው ምንድን ነው? አንዱ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከላይ የሚከልለው አየር ስለሚቀንስ ጨረሩ ይበዛል፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ በሐረጎ ቁልቁል ከምንወርድባት ከኮምቦልቻ የበለጠ ይደርሳታል። ይህን አጋንኖ መፍራት ግን አያስፈልግም። በ2009 እ.ኤ.አ. የጎግል ሰርቨሮች ላይ የወጣ ጥናት በዓመት ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ራሞች ስህተት እንደታየባቸው ሲያሳይ፣ ዋናው ጥፋት የራሱ የዕቃው ብልሽት መሆኑንም አመልክቷል። የሱቁ ራምም እንደዚያው ነበር።

እና ማን ይግዛ? ለጽሑፍ፣ ለፊልም፣ ለጨዋታ ተራው ይበቃል። የሰው ሒሳብ የሚይዝ ማሽን ግን ሌላ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር ሰርቨር ላይ 3,500 ብር ያስቀመጠ አባል አንዲት ቢት ስትገለበጥ 19,884 ብር ሊሆን ይችላል፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥም የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ኢሲሲ ይግባ እላለሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ከሌላችሁ ግን መጀመሪያ እሱን ግዙ፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ኢሲሲ ምንም አያደርግም።

ስትገዙ ራሙ ብቻውን እንደማይበቃ አስታውሱ፦ ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም ኢሲሲን መደገፍ አለባቸው። ከዲዲአር4 ቀጥሎ የመጣው ዲዲአር5 «በውስጡ እርማት አለው» ሲሏችሁም፣ ያ በቺፑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያርመው፤ ከራሙ እስከ ፕሮሰሰር ባለው መንገድ ላይ ለሚፈጠረው አይሆንም። ከሰርቨር የወጣ ያገለገለ ራም በርካሽ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ሬጅስተርድ (ለሰርቨር ተብሎ ተጨማሪ ቺፕ የተገጠመለት ራም) መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ሬጅስተርድ የሆነ ዲዲአር4 ተራ ዴስክቶፕ ስሎት ውስጥ ገጥሞ ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም።